አንገትህን አታንቀሳቅስ

ሞንቴሬይ፣ ሜይ 10 ቀን 1966

ውድ አበልጄ ኢላሪዮ፣

ለጤናህ እንደምን ነህ እንዳልልህ ትከሻህ ሲሰበር ከነፃ ትግል መድረኩ ሥር ማይክሮፎን ይዤ ቁጭ ብዬ ያየሁት እኔ ነኝ። ዝም እንዳልል ደግሞ፣ ዝም ማለት የነበረብኝ እሑድ ዕለት ነበር። ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ከጠዋት ጀምሮ ወረቀት እያበላሸሁ ነው።

በሚስትህ በኤቨሊያ በኩል የላክኸው ቃል ደርሶኛል። «ምን ነክቶህ ነው?» ብለሃል፤ ሌላ ምንም የለበትም። እኔም ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ከላይኛው ገመድ ላይ ልትዘል ስትል ገመዱ ሲላላ አየሁት። ያንን ዝላይ በወጣትነታችን አብረን የተለማመድነው ነው፤ እግርህ ገመዱን ሲለቅ አይቼ ብቻ በምን በኩል እንደምታርፍ አውቃለሁ። በአንገትህ ልታርፍ ነበር። ማይክሮፎኑንም፣ ሥራዬንም፣ አድማጩንም ረሳሁ። «ኢላሪዮ! አንገትህን አታንቀሳቅስ! አበልጄን አንሱልኝ!» ብዬ ጮኽኩ። ወዲያው አፌን በእጄ ያዝኩ፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ከሞንቴሬይ እስከ ቶሬዮን ያለ ሬዲዮ ሁሉ ሰምቶታል።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «የመዳብ ቀበሮ» ተብለህ በጭምብል ስትታገል ከኤቨሊያና ከእኔ በቀር ማንነትህን ያወቀ የለም። መልበሻ ክፍል ውስጥ ብቻችንን ሆነን እንኳ «ቀበሮ» ነበር የምልህ። ታጋይ የታጋይን ስም አይጠራም ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። አሁን ትግል ትቼ በአፌ ማደር ስጀምር ይህችን አንዷን ነገር አፌ አልጠበቃትም።

መስከረም ላይ ያለውን ሳስብ ደግሞ እንቅልፍ የለኝም። «መርከበኛው» ለተባለው ወጣት ታጋይ በስምምነት ተሸንፈህ ጭምብልህን ልታወልቅና ልትሰናበት ነበር። ያን ዕለት ማይክሮፎን ቀርቦልህ «ስሜ እገሌ ነው፣ የዚህ አገር ልጅ ነኝ፣ ይህን ያህል ዓመት ታግያለሁ» ብለህ ለሕዝቡ የምትናገረው አንተ ነበርክ። ጭምብል ለባሽ ታጋይ ዕድሜውን ሙሉ የሚጠብቀው ያንን ሰዓት ነው። እኔ ነጠቅኩህ። ይቅርታ አድርግልኝ። ይቅርታ ብዬም ያልኩ አይመስለኝም።

እናትህ እማማ ኦቲሊያ እንዴት ናቸው? እሳቸው እስከ ዛሬ የሐብሐብ መኪና ነጂ ብቻ እንደሆንክ ነው የሚያውቁት። እሑድ ሬዲዮ ይሰሙ ነበር? ዛሬ የእናቶች ቀን ነው፤ በደህናው ክንድህ ስለ እኔ እቀፋቸው።

ጥፋተኛው አበልጅህ
ቶሪቢዮ


ቶሬዮን፣ ሜይ 16 ቀን 1966

አበልጄ ቶሪቢዮ፣

በግራ እጄ ነው የምጽፈው፤ ዶሮ የጫረችው ቢመስልህ አትፍረድብኝ። ቀኙን ከአንገቴ ጋር አስረውታል። ሐኪሙን «መቼ ነው ወደ መድረክ የምመለሰው?» ብለው «ዕድሜህ ስንት ነው?» አለኝ። አርባ ሰባት ስለው ሳቀ። መልሱ ሳቁ ነው፤ ከዚህ በኋላ ትግል የለም።

ይቅርታ ስትጠይቅም እንደ ሬዲዮህ ነህ፣ ሰው መተንፈሻ አትሰጥም። ተናደሃል ወይ አላልከኝም፤ እኔው ልንገርህ። አዎ፣ ተናድጃለሁ። ሆስፒታል ተኝቼ፣ ጭምብሉ ፊቴ ላይ እንዳለ፣ ነርሷ መጥታ «ዶን ኢላሪዮ፣ ያምዎታል?» አለችኝ። ጭምብል ለብሼ በስሜ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። በሰው ፊት ራቁቴን የቆምኩ ነው የመሰለኝ። መሸፈኛ ብርድ ልብስ ስጡኝ አልኳቸው፤ በርዶት ነው ብለው ሻይ አመጡልኝ።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አንገቴ ደህና ነው። ያነሱኝ ሰዎች የአንተን ጩኸት ሰምተው ነው ጭንቅላቴን ደግፈው የያዙት። ሐኪሙም እንደዚያ ባይዙህ ኖሮ እግርህ አይታዘዝህም ነበር ብሎኛል። እንግዲህ ልሰድብህ ስነሳ አንገቴ ትዝ ይለኛል፣ ላመሰግንህ ስል ደግሞ ስሜ። ሁለቱም ቀርተው ዝም ብያለሁ። ኤቨሊያ ግን እንደ እኔ አልተቸገረችም፤ «ያ አፈ ሰፊ አበልጅህ እዚህ ደጅ ከደረሰ በመጥረጊያ ነው የምቀበለው» ብላለች።

እማዬን ጠይቀሃል። ደህና ናት። ከሐብሐብ መኪናው ላይ ወደቅኩ ብያታለሁ። ሰላም ብላሃለች።

የክርስትና ልጅህ ሩፊና ጉልበትህን ትስማለች።

ኢላሪዮ


ሞንቴሬይ፣ ሜይ 21 ቀን 1966

ውድ አበልጄ፣

የእጅ ጽሑፍህን ሳይ አለቀስኩ፤ የሻይዋ ጋ ስደርስ ሳቅኩ፤ ከዚያ በመሳቄ አፈርኩ። ከሰሞኑ እንዲህ ነኝ፤ ማፈር ሥራዬ ሆኗል።

ሥራዬን ያጣሁ እንዳይመስልህ፣ ምን አጣለሁ! አለቃዬ ዶን ካሲሚሮ ይባስ ብሎ ደስ ብሎታል። ሰኞ ጠዋት አስጠርቶኝ አለቀልኝ ብዬ ባርኔጣዬን ይዤ ብገባ፣ ተነስቶ አቀፈኝ። «አንተ ሰው፣ አገሩ ሁሉ ኢላሪዮ ማነው እያለ ነው! ሰውየውን አምጣልኝ፤ አጠገብህ ሁለተኛ ወንበር አስቀምጣለሁ» አለኝ። እኔ ደንብ ለሚያከብሩት «ጨዋ» ታጋዮች እየወገንኩ፣ አንተ ደንብ ለሚጥሱት «ባለጌዎች» እየወገንክ፣ እየተሰዳደብን ትግሉን እንድናስተላልፍ ይፈልጋል። ኢላሪዮ ሪንኮን፣ የቀድሞው የመዳብ ቀበሮ፣ ተብለህ በየእሑዱ በሙሉ ስምህ ትጠራለህ።

እባክህ እሺ በለኝ። መቼም ትከሻህ ሐብሐብ አይሸከምም። ሥራው ከብዶህም አይቀር፤ እኔ መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሲወድቅ አብሬ ከወንበሬ እነሳ ነበር፤ ጉልበቴ እየቀደመኝ። ድምፄ ተዘግቶም በማርና በሎሚ ውዬ አድሬያለሁ። እያደር ግን ትለምደዋለህ። ከሁሉ የሚከብደው፣ ሰውየው ሲያመው በአንተ ሰውነት ላይ ይሰማሃል፤ አፍህ ግን መቀለድ አለበት። አንተ ደግሞ ለመቀለድ ማን ብሎህ!

የስሙ ነገር ካስጨነቀህ ግን ማድበስበሻ አስቤያለሁ። ደንግጬ ቅዱስ ኢላሪዮን ነው የተማጸንኩት ልበል? ምን ይመስልሃል?

ስለ እማማ ኦቲሊያ የጻፍክልኝ አጠረብኝ። እሳቸው ሰላም ሲሉኝ ያለ ስድብ ብለውኝ አያውቁም። እውነት ደህና ናቸው?

ቶሪቢዮ


ቶሬዮን፣ ሜይ 27 ቀን 1966

አበልጄ፣

ለቅዱስ «አንገትህን አታንቀሳቅስ» ተብሎ ይጸለያል እንዴ? ቅዱሱስ ከምን ወድቆ ነው? «አበልጄን አንሱልኝ» ያልከውንስ ለየትኛው መልአክ ልትሰጠው ነው? ኤቨሊያ ስታነብልኝ ሳቋ አመለጣት፤ ስለዚህ መጥረጊያው ቀርቶልሃል፣ በባዶ እጇ ነው የምትቀበልህ።

ስለ ወንበሩ እግዜር ይስጥልኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደብዳቤህ የደረሰኝ ዕለት ጓሮ ወጥቼ ለዶሮዎቹ ግጥሚያ ሳስተላልፍላቸው ዋልኩ። አሪፍ ነኝ። አንተን እሑድ በእሑድ አሳርርህ ነበር። ግን እሺም እምቢም ልልህ አልቻልኩም፤ ምክንያቱ ደግሞ በመጨረሻ የጠየቅኸኝ ነገር ነው።

እማዬ ደህና አይደለችም። ሰላም ብላሃለች ያልኩህም ውሸት ነው።

በዚህ አገር የመዳብ ቀበሮን እንደ እሷ የሚጠላ የለም። ስሜን ሳይሆን ጭምብሉን ነው የምልህ። እሑድ እሑድ እኔ ሐብሐብ ላደርስ ሄጃለሁ ብዬ ስወጣ፣ እሷ ማድ ቤት ሬዲዮዋ ሥር ትቀመጣለች። አንተ በሬዲዮ ዳኛውን ነከሰ ስትል፣ ወንበር አነሳ ስትል፣ ጫማዋን አውልቃ ሬዲዮው ላይ ታነሳለች። «እጅህን ይስበረው! የማን እርጉም ነህ!» ማታ ስመለስ ያደረግኩትን ሁሉ ለእኔው ትነግረኛለች። እኔም እራቴን እየበላሁ «ተይው እማዬ፣ አንድ ቀን ይሰበርልሻል» እላታለሁ። በዚህ ስንሳሳቅ ነው የኖርነው። ገና ልጅ ሳለሁ ሰው እየደበደበ የሚያድር ልጅ ከማዕዴ አይቀርብም ስላለችኝ ነበር የደበቅኳት፤ በኋላ ግን ስድቧ ራሱ ጣመኝ መሰለኝ፣ ሳልነግራት ቀረሁ።

ከዚያ እሑድ በፊት በነበረው ሳምንት መርከበኛውን በወንበር መትቼው ነበር። በጣም ተናዳ ኖሮ ያን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄዳ የቀበሮው አጥንት እንዲሰበር ሻማ አበራች። ከሰዓት በኋላ ተሰበረ። ያንተን ድምፅ ታውቀዋለች። ስሜን ሰማች፣ አበልጄ ስትል ሰማች። በማግስቱ እኔ ትከሻዬን ታስሬ ገባሁ።

አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። የሐብሐብ መኪናዬን ተረት እያየችኝ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራዋለች። ኤቨሊያ ሾርባ ስትሰጣት ሁለት ማንኪያ ቀምሳ ትገፋዋለች። ቤተ ክርስቲያንም ቀረች። የሻማውን ነገር የነገረችው ለኤቨሊያ ነው። ኤቨሊያ «እንሂድ፣ እንጸልይለት» ብትላት «እኔ ከእንግዲህ አልጸልይም፤ አምላክ ይሰማኛል» አለቻት።

መስከረም ላይ፣ ከግጥሚያው በፊት፣ አጠገቧ ተቀምጬ «እማዬ፣ ቀበሮው እኔ ነበርኩ፣ አሁን ግን አለቀ» ልላት ነበር። ትመታኛለች፣ ከዚያ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ሳቋን አትችለውም ብዬ ነበር። እሷን መድረኩ ሥር ከፊት ወንበር አስቀምጬ ነበር ስሜን የምናገረው። ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ አጥንቼው ነበር።

ኢላሪዮ


ሞንቴሬይ፣ ሜይ 31 ቀን 1966

አበልጄ፣

«ልምጣ?» ያልኩበት ቴሌግራም ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ ይደርስሃል። መልስህን ሳልጠብቅ አውቶቡስ ተራ ሄጄ ነበር፤ ትከለክለኝ እንደሆነስ ብዬ ተመለስኩ።

ልምጣና እግራቸው ላይ ልውደቅ። ገመዱ ነው የላላው፣ ሻማው አይደለም ልበላቸው። እኔ ከልጃቸው ጋር ስታገል የኖርኩ፣ ቤታቸው በልቼ የጠጣሁ፣ የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ያነሳሁ ሰው ነኝ፤ እኔን ሊሰሙኝ ይችላሉ። አንተን ከመድረክ አውርዶ ቤት ያስቀመጠህ መውደቅህ ነው፤ እሳቸውን ግን የጣልኳቸው እኔ ነኝ። ዝም ብል ኖሮ ከሐብሐብ መኪና የወደቀ ልጅ እናት ሆነው፣ ሾርባ እየሠሩልህ፣ እየረገሙኝ ይቀመጡ ነበር።

እኔ ፑኤብላ ከተማ ተሸንፌ ጭምብሌን ያወለቅኩ ዕለት ስሜን ራሴ ተናግሬያለሁ። እናቴ ነፍሷን ይማርና ከፊት ወንበር ሆና አጨብጭባልኛለች። ያንን ጠግቤ ነው የምኖረው። ላንተ ያስቀረሁት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ለዚህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

እሑድ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጬ የታጋዮቹን ስም እንኳ ሳልጠራ ደወሉ ተደወለ። ዶን ካሲሚሮ ከፊት ወንበር ሆኖ እጁን ያወናጭፍብኛል። ይህን ሥራ ልተወው አስቤያለሁ። ምን ላድርግ? የምታዘኝን ንገረኝ፤ ማንኛውንም።

ቶሪቢዮ


ቶሬዮን፣ ጁን 4 ቀን 1966

ቶሪቢዮ፣

አትምጣ። ገመዱ ነው ብትላት ገመዱን ማን አላላው ትልሃለች። ለቅሶህን ስታይ ደግሞ የባሰ ታምናለች። ሥራህንም አትተው፤ አፍህ ካደረሰብኝ በኋላ አፍህን ልትዘጋብኝ ነው? አሁን ነው የሚያስፈልገኝ።

እማዬ የምትፈራው እኔን ወይም ቀበሮውን አይደለም። ራሷን ነው የፈራችው። አፏን ስትከፍት ሰው የሚሰበር ይመስላታል፤ ሩፊናን እንኳ መመረቅ ትታለች። እኔ ቁጭ ብዬ ይህን ማየት አልችልም። ስለዚህ ቀበሮው ሌላ ሰው መሆን አለበት።

እዚህ ጎረቤታችን ጎሜዝ ፓላሲዮ ከተማ ሩፔርቶ የሚባል ታጋይ አለ፤ በቁመት እኔን ያህላል፣ በባለጌነትም አይተናነስም። ጠርቼው ጭምብሉን ሰጠሁት። ዕድሜ ልኩን አፉን እንደሚይዝ ምሎልኛል። በመጪው ሳምንት እሑድ እዚያው እናንተ ጋ ይታገላል። እኔ ማድ ቤት፣ እማዬ አጠገብ፣ ሬዲዮው ሥር እቀመጣለሁ። ቀበሮው ሲዘል እኔ ባቄላ ስፈለፍል ታየኛለች።

አንተ ደግሞ ግጥሚያው ከመጀመሩ በፊት እንዲህ በል፦ ያን እሑድ ስርጭት ልትጀምር ስትል አበልጅህ ኢላሪዮ ከሐብሐብ መኪና ወድቆ አንገቱን ተጎዳ የሚል ስልክ ደረሰህ፤ ልብህ እዚያ ስለነበር ቀበሮው ሲወድቅ ተቀላቀለብህ፤ ቀበሮው ማን እንደሆነ አታውቅም፤ ጭረት እንጂ ስብራት አልነበረበትም። ሰው ይስቅብሃል። አርጅቶ ነው እንጂ ምን ነካው ይሉሃል። ቻለው።

ወንበሩን ለሌላ ሰው ስጡት። አጠገብህ ከተቀመጥኩ የቀድሞው ቀበሮ ልትለኝ ነው፤ እሷም ትሰማለች። የመስከረሙም ግጥሚያ ይቅር። አጥንቻት የነበረችውን ዓረፍተ ነገር ለማንም አልናገራትም። ስሜን ከአፍህ ያወጣኸው አንተ ነህ፤ አሁን አንተው መልሰህ ዋጠው።

አንድ ነገር አደራ። ሩፔርቶ ዝላዩ ዝቅ ያለ ነው። እማዬ ደግሞ ጆሮዋ አይሞኝም፤ ቀበሮው ሲያረጅ ከሰማች ትጠረጥራለች። በአፍህ ከፍ አድርገው።

ኢላሪዮ


ሞንቴሬይ፣ ጁን 13 ቀን 1966

ውድ አበልጄ፣

ዋጥኩት።

እንዳልከኝ ቃል በቃል ተናገርኩ። የወረቀቱ ኮሽታ በማይክሮፎኑ ይሰማል ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ በቃሌ ነው ያልኩት። ስጨርስ ቴክኒሻኑ ቀና ብሎም አላየኝም። ዛሬ ጠዋት አንዱ ጋዜጣ «ያረጀ ታጋይ ጭንቅላቱ ላይ ስንት ጊዜ ወድቆ ይሆን?» ብሎ ጽፎብኛል። ዶን ካሲሚሮ ሁለተኛውን ወንበር አስነሳው፤ እኔንም የመክፈቻ ግጥሚያዎችን ብቻ ታስተላልፋለህ አለኝ። የቀበሮውን ግን ተውልኝ ብዬ ለመንኩት። ለምን ብሎ ጠየቀኝ፤ ፊቴን አይቶ ግን እሺ አለ።

ሩፔርቶ ቀበሮ አይወጣውም ብለህ አትስጋ፤ ዳኛውን ሳይታዘዝ ነክሶታል። ዝላዩ ግን እውነትህን ነው። ከሁለተኛው ገመድ ነው የዘለለው፤ እኔ ከላይኛው ነው አልኩ። ሲንገዳገድ ወገቡን ሰብቆ ቆመ አልኩ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሌላ ያያል፣ ቤቱ ያለው ሌላ ይሰማል። ዓይኔን ጨፍኜ የድሮ ዝላይህን ነበር የማወራው። አንድ ቦታ ላይ ድምፄ ተሰበረብኝና አሳልኩ፤ እማማ ኦቲሊያ ካወቁብኝ ጉንፋን ነው በላቸው።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ከዚህ በኋላ ማለትም አፍራለሁ። ሰሙ ወይ? አመኑ? አንድ ቃል ብቻ ጻፍልኝ።

ቶሪቢዮ


ቶሬዮን፣ ጁን 20 ቀን 1966

አበልጄ ቶሪቢዮ፣

በመልስ የዘገየሁት እርግጠኛ ልሁን ብዬ የትናንቱን እሑድ ጠብቄ ነው።

የመጀመሪያው እሑድ ሬዲዮውን እኔ ነኝ ከግድግዳው ያዞርኩት። እማዬ ተነስታ ልትወጣ ስትል «ባቄላውን በአንድ እጄ አልቻልኩትም፣ አግዢኝ» አልኳትና ተቀመጠች። ያልከውን ሁሉ ሰማች። ረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ባቄላዬን ቀና ሳልል ፈለፈልኩ። «ይሄ ቶሪቢዮ ሞኝ ነው እንዴ?» አለች። «ድሮም ነው» አልኳት። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ሌላ መልስ አልመጣልኝም።

ደወሉ ተደወለ። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ አንዴ ሬዲዮውን አንዴ እኔን ታያለች። አንተ «ቀበሮው ከላይኛው ገመድ ዘለለ» ስትል ክንዴን ያዘችኝ፤ ቀና ብላ አየችኝ፣ እዚያው ነኝ። ከዚያ አለቀሰች። ምን ሆንሽ ብላት «ምንም፣ ሽንኩርት ነው» አለች፤ ሽንኩርት አልነበረም። ማታ ሾርባዋን ጨርሳ ድጋሚ ጠየቀች። ሰኞ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች።

ዝላዩን ስታወራው ሰምቼሃለሁ። የማን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ጉንፋንህንም ነግሬያታለሁ፤ ማርና ሎሚ ይጠጣ ብላሃለች፤ ይሄኛው ሰላምታ እውነት ነው። እኔ በአንተ ላይ የቀረኝ ቂም የለም፤ አልፎ አልፎ ብቻ ጓሮ ወጥቼ ያቺን ዓረፍተ ነገር ለራሴ እላታለሁ፣ ዶሮዎቹ ይሰሙኛል።

ትናንት ግን ሩፔርቶ መርከበኛውን በወንበር ሲመታው እማዬ ብድግ አለች። ጫማዋን አውልቃ ሬዲዮው ላይ አነሳች፤ «እጅህን ይስበረው! ሁለቱንም ይስበረው!» አለች። ድምፅዋ ሞልቶ፣ እንደ ድሮው። እኔም አሜን አልኩ። ግጥሚያው አልቆ ጫማዋን መልሳ እያጠለቀች፣ ገና እያለከለከች፣ ወደ እኔ ዞረች።

«ይሄ ሰውዬ ግን የምትገሥጸው እናት የለችውም?» አለችኝ።

«የለችውም እማዬ» አልኳት።

ኢላሪዮ